70 ከመደብር፣ 30 ከእጅ

ምግብ ማብሰል ላይ ሒሳብ ያስገባችው ሳንድራ ሊ የምትባል አሜሪካዊት ናት። ሒሳቡ አጭር ነው፤ ገበታው ላይ ከሚቀርበው 70 በመቶው ተዘጋጅቶና ታሽጎ ከመደብር ይመጣል፤ የቀረው 30 በመቶ ትኩስ ነገር ይሆንና የአብሳይዋ እጅ ይገባበታል። ይህን ይዛ በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ፉድ ኔትወርክ በተባለው የምግብ ጣቢያ «ሰሚ ሆምሜድ ኩኪንግ» የሚል ዝግጅት ጀመረች። እስከ 2011 ድረስም ቆርቆሮ ስትከፍት፣ ላስቲክ ስትቀድ፣ የጠርሙስ ክዳን ስታዞር ኖረች። በ2012 ደግሞ ለቀን የቴሌቪዥን ዝግጅቶች በሚሰጠው የኤሚ ሽልማት ከምግብ ዝግጅት አቅራቢዎች ምርጥ ተባለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርት ሲከትፉ ያለቀሱ ሼፎች፣ ያን ቀን ያለ ሽንኩርት ሳያለቅሱ አልቀሩም።

ሒሳቡን ስሰማ እኔን ያስጨነቀኝ ድንበሩ ነው። 30ው ከየት ይጀምራል? ቆርቆሮ መክፈት ከእጅ ሥራ ይቆጠራል? ክዳኑ ላይ ቀለበት ያለው ከሆነ ብዙም አያስመሰግን ይሆናል፤ መክፈቻው ጠፍቶ በቢላዋ ከተከፈተ ግን እንኳን 30፣ 60ም ይገባዋል ባይ ነኝ። መደብሩ በር ላይ መኪና ማቆሚያ መፈለግስ? ከሰባቱ ዓይነት የቲማቲም ድልህ የትኛው እንደሚሻል ቆሞ ማሰብስ? እኔ ብሆን ማሰቢያውን ብቻ 10 በመቶ አደርገው ነበር።

ሴትዮዋ ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አያውቃትም። ወጥ ቤቷ በየዝግጅቱ ይለወጣል፤ መጋረጃው፣ ዕቃውና የለበሰችው ሸሚዝ ተነጋግረው የመጡ ይመስላሉ። ምግቡ ሲያልቅ አንድ የተቀላቀለ መጠጥ ይከተላል። ቀጥሎ የገበታው ማጌጫ ነው፤ አበባው፣ ሪባኑ፣ ሻማው። ከወጡ የተረፈው ልፋት ሁሉ ተጠራቅሞ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰ ይመስላል። ወጡ ከፋብሪካ መጥቶ ጨርቁ በእጅ ሲታጠፍ ያየሁት እዚያ ነው።

ስሟን ከሁሉ በላይ ያስጠራው የክዋንዛ ኬክ ነው። ክዋንዛ ጥቁር አሜሪካውያን ከ1966 ጀምሮ ከፈረንጆች ገና ማግስት እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚያከብሩት በዓል ነው፤ ሰባት ሻማም ይበራበታል። ሳንድራ ሊ ለዚህ በዓል መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የመደብር ኬክ ገዛች። በጣሳ የተሸጠውን ክሬም በካካዎ አጠየመችና ቀባችው። ቀዳዳው ውስጥ የታሸገ የፖም ሙሌት ገለበጠችበት። ከዚያ ላዩ ላይ ፈንዲሻ፣ የተጠበሰ በቆሎና የዱባ ፍሬ በተነችና ሰባቱን ሻማዎች ሰካችበት። እኛ የቡና ቁርስ በሰፌድ ሲዞር እንጂ ኬክ ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ አላየንም። ትንሽ ዕጣንና ረከቦት ቢጨመርበት ኖሮ፣ ይህ በዓል የእኛ ነው ብለን ክርክር እንገጥም ነበር።

የኬኩን አዘገጃጀት ጽፋ የሰጠቻት ባለሙያ በ2010 ብዕሯን አንሥታ አንባቢን ይቅርታ ጠየቀች። አገር ያፈረሱ ሰዎች «ሁኔታው ነው» ብለው በሚያልፉበት ዓለም፣ በፈንዲሻ ይቅርታ የጠየቀች ሴት መከበር አለባት።

በሳንድራ ሊ ላይ የሳቀው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ስቄያለሁ። ሆኖም በ2007 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ የምትተርከው ልጅነት ሳቁን ያሳጥረዋል። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ገና ልጅ ሳለች ታናናሾቿን የምትመግበው እሷ ሆነች፤ ቤቱም የሚኖረው በመንግሥት ድጎማና በምግብ ኩፖን ነበር። ለዚያች ልጅ ቆርቆሮ ማለት እራት ነው። ትኩስ ባሲል ካልተገኘ ምግብ አይባልም የሚል ሼፍ፣ አራት የተራቡ ሕፃናት ዙሪያውን ከበው ሳለ ባሲል ፈልጎ አያውቅም።

ነገሩንም እሷ አልጀመረችውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለወታደር ስንቅ ሲያሽጉ የኖሩ የአሜሪካ ፋብሪካዎች፣ ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲገባ እነሱም ተከትለው ወጥ ቤት መግባት ፈለጉ። ለዚህ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ያስፈልግ ነበር። ፖፒ ካነን የተባለች ጸሐፊ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስለ ቆርቆሮ መክፈቻ አንድ ሙሉ የምግብ መጽሐፍ ጻፈች፤ ከዚያም በቴሌቪዥን ብቅ አለች። ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስተባብር የፈረንሳይ ሾርባ፣ ከበረዶ ቤት ከወጣ የድንች ፍትፍት፣ ከአንዲት ባሮ ሽንኩርትና ከአንድ ቆርቆሮ የዶሮ ሾርባ ሠርታ አሳየች። እንግዲህ ባሮ ሽንኩርቷ የዚያን ጊዜዋ 30 በመቶ መሆኗ ነው።

በ1955 ደግሞ ዶርካስ ራይሊ የምትባል፣ በኒው ጀርዚ ካምደን ከተማ በካምቤል ሾርባ ፋብሪካ የሙከራ ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት፣ ፎሶሊያ ላይ አንድ ቆርቆሮ የእንጉዳይ ሾርባ ገልብጣ፣ ወተትና ጥቂት የአኩሪ አተር መረቅ ጨምራ፣ ላዩን በተጠበሰ የታሸገ ሽንኩርት ሸፍና ኦቨን ውስጥ አስገባችው። ዛሬ ያ ምግብ በአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ገበታ ላይ ከተርኪው አጠገብ ይቀመጣል። ከፋብሪካ የወጣው አዘገጃጀት በሁለት ትውልድ ውስጥ «የአያቴ» ተብሏል። ሴትዮዋ የጻፈችበት ካርድም በአገሪቱ የፈጠራ ሰዎች መዘክር ውስጥ ገብቷል። እኛ ሽሮ የፈጠረችውን ሴት ስም እንኳ አናውቅም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የእንቁላሉ ነገር ነው። ውኃ ብቻ ጨምረው የሚያቦኩት የኬክ ዱቄት ገበያ ላይ ሲወጣ፣ በ1930ዎቹ አንድ የፒትስበርግ ኩባንያ አንድ ነገር አስተዋለ፤ የቤት እመቤቶች ደርቆ ከተቀላቀለው እንቁላል ይልቅ ትኩሱን ራሳቸው ሰብረው መጨመር ይወዳሉ። ስለዚህም የዱቄቱ አሠራር እንቁላሉ የቤት እንዲሆን ተደርጎ ተለወጠ። ፋብሪካው መቶውንም ሊሠራው ይችል ነበር፤ የሴትዮዋ ድርሻ እንዲሆን አንዲት እንቁላል ተወላት። በዚያች እንቁላል ኃይል ኬኩ የእሷ ሆነ፤ ልጆቿም «የእማዬ ኬክ» እያሉ አደጉ። ሳንድራ ሊ ያደረገችው ያችን እንቁላል ወደ 30 በመቶ ማሳደግ ነው። በቴሌቪዥን የተሸጠውም «እኔ ነኝ የሠራሁት» የማለት መብት ነው፤ ሾርባው ምርቃት ነበር።

እንግሊዞችም ተራቸው ደርሷቸዋል። ዴሊያ ስሚዝ ማለት ለእነሱ የወጥ ቤት ሕግ ናት። በ1998 በቴሌቪዥን ማብሰልን ከሀ ጀምራ ስታስተምር እንቁላል መቀቀል አንድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ አንዳንድ ሼፎችም «ሕዝቡን ሕፃን አደረገችው» ብለው ተቆጡ። በ2008 ያችው ሴት ተመልሳ መጣችና በረዶ ቤት የቆየ የድንች ፍትፍትና በቆርቆሮ የታሸገ የበግ ክትፍ ሥጋ ይዛ ቀረበች። እንቁላል አቀቃቀል ከእሷ የተማረው ሕዝብ ተናደደ። ተናዶም አልቀረ፤ ሄዶ ያንኑ የበግ ሥጋ ከመደርደሪያው ገዝቶ ጨረሰው።

ለነገሩ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያልታሸገ ምግብ ኖሮ ያውቃል? በዓል በደረሰ ቁጥር በእኛም ጣቢያዎች ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ የሐበሻ ቀሚስ ይለበሳል፣ አንዲት ባለሙያ ዶሮ ወጥ ልትሠራ ትቀርባለች። ዶሮ ወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ዝግጅቱ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ነው፤ ከግማሹ ላይ የዘይትና የፓስታ ማስታወቂያ ይቀነሳል። ስለዚህ ሽንኩርቱ ተከትፎ በብርጭቆ ሳህን ተደርድሯል። ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጧል። ዶሮው ተገነጣጥሎ በሎሚና በጨው ታጥቦ ፀጥ ብሎ ተኝቷል። ባለሙያዋ ድስቱን ትጥድና ሁለት ጊዜ ታማስላለች። ወዲያው «ይህን አስቀድመን አቁላልተን አዘጋጅተነዋል» ትልና ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ድስት ብቅ ይላል፤ ቁሌቱ ደርሶ፣ ቅቤው ገብቶ፣ ዘይቱ ተንሳፎ። አቅራቢዋም «ዋው! ሽታው!» ትላለች። ሽታው ለእሷ ብቻ የሚደርስ መሆኑ ትዝ አይላትም።

ያንን ሌላ ድስት ማን ሠራው? አንድ ሌሊት ሙሉ ዓይኗ እየነደደ ያቁላላች፣ ካሜራ ፊት ያልቀረበች ሴት አለች። በዚህ ዓይን ሲታይ የሳንድራ ሊ ቆርቆሮ ታማኝ ነው፤ ቢያንስ ፋብሪካው ስሙ ተጽፎበታል። ከጠረጴዛ ሥር የሚወጣው ድስት ግን ስም የለውም።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ድረስ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ ከሳንድራ ሊ ጋር የተዋወቀችው በድጋሚ በሚታይ ዝግጅት ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ወጥ ግን በየትኛውም ቋንቋ ታውቃለች። ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ይቺ ልጅ ምን እያደረገች ነው?»

«ምግብ እየሠራች ነው፣ እቴቴ።»

«ሽንኩርቱስ?»

«ቆርቆሮው ውስጥ አለ።»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«እሱም አብሮ አለ።»

«ቅመሙ?»

«ሁሉም ውስጡ ነው።»

«ታዲያ የእሷ ሥራ ምንድን ነው?»

«እሷማ ታስተባብራለች።»

አክስቴ ትንሽ አሰበችበት። «እንደ እድራችን ሊቀመንበር በለኛ!» አለች። ከዚያ ወዲያ የሰደበቻት ነገር የለም። መጠጡ ሲቀላቀል እንዲያውም አዘነችላት፤ «ይቺን እንኳ ራሷ ሠራቻት፣ ነፍሷን ይማረው» አለች፤ ሴትዮዋ በሕይወት እንዳለች ብነግራትም ምርቃቷን አላነሣችም። የገበታው ማጌጫ ሲመጣ ግን ቀና ብላ ተቀመጠችና፣ ሻማውንና ሪባኑን በጸጥታ አይታ ስትጨርስ «ምግቡ እንዳይታይ ነው» ስትል ፈረደች።

በሴትዮዋ ላይ ስንፈርድ ድስታችን ምድጃው ላይ ነበር። ጉዳዬም እዚህ ላይ ነው። ያ ድስት በሳንድራ ሊ ሚዛን ቢመዘን ስንት ይወጣዋል?

ከበርበሬው እንጀምር። ዛላው ገበያ ተወርዶ፣ ተሸትቶ፣ ተከራክረውበት ይገዛል። ግቢው ሙሉ እያነጠሰ ይቀነጠሳል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ደመና በታየ ቁጥር እየተሮጠ ይነሣል። ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተወቅጦ ይደለዛል፤ ታፍኖ ይሰነብታል፤ ደግሞ ይሰጣል። ኮረሪማው ይፈለፈላል፤ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጨው ሳይቀር ይታመሳል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይያዛል፤ እዚያም የሰው ሽሮ ከተፈጨበት ቀጥሎ እንዳይገባ ቆመው ይጠብቁታል። ከወፍጮ ሲመለስ ይነፋል። ሽሮው የራሱ ታሪክ አለው። ቅቤውም ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ተነጥሮ ጣሳ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ አሮጌ ሻሽ ተደርጎለት ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ሻንጣው 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት። ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲበልጥ ልብስ ይወርዳል፣ ጫማ ይወርዳል፣ የተጓዡ መድኃኒት እስከ መውረድ ይደርሳል፤ በርበሬ ሲወርድ አላየሁም።

እንግዲህ እኔ ማታ ከሥራ ገብቼ ፕላስተሩን እልጣለሁ። ሽንኩርቱን ማሽን ይከትፍልኛል። ዶሮውም ከመደብር ተቆራርጦ የመጣ ነው፤ አንድ ዓይነት ብልት ብቻ በሚታሸግበት አገር፣ አሥራ ሁለቱም ብልቱ እግር የሆነ ዶሮ ለእንግዳ አቀርባለሁ። አክስቴ ድስቱን ገልጣ ባየች ጊዜ «ይሄ ዶሮ ነው ወይስ መቶ እግር?» ብላ ነበር። እንጀራውን ከሐበሻ ሱቅ ነው የምገዛው፤ አንዳንዱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የተጋገረ፣ አንዳንዱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ያደረ ነው። ከእኔ በፊት የመጡት ከዚህ የባሰውን አይተዋል። ጤፍ ባልነበረበት ዘመን ለፓንኬክ የተዘጋጀ የታሸገ ዱቄት በሶዳ ውኃ አቡክተው በፓንኬክ መጥበሻ እንጀራ አወጡ። ዓይኑን ያወጣው ጋዙ ነው። እነዚያ ሰዎች የሳንድራ ሊ ተመልካች ሳይሆኑ መምህሮቿ መሆን ነበረባቸው። በኋላ አሜሪካኖች ራሳቸው አይዳሆ ላይ ጤፍ ዘሩና እርሾ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ስለዚህ ሒሳቡን በሐቀኝነት ስሠራው፣ የእኔ ዶሮ ወጥ ሰባ ሠላሳ አይሞላም። ውኃውን፣ ማማሰሉንና ሽንኩርቱ እንዳያር መጨነቁን ደምሬ ቢበዛ ሀያ ያህል አገኛለሁ። እንቁላሉን የቀቀልኩትም እኔ ነኝ፤ ልክ እንደ ፒትስበርጎቹ እመቤቶች የእኔም ክብር ያረፈው እንቁላል ላይ ነው።

ታዲያ በእኔና በሳንድራ ሊ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ «የእኛ ተፈጥሯዊ ነው፣ የእነሱ ኬሚካል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ግን ወጡ ውስጥ ማጊ አለመኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ በሰርግ ድንኳን ሥር ያለው ትልቁ ድስት ብዙ ምሥጢር ያውቃል። መርቲ የቲማቲም ድልህ ያሳደገን ልጆች ስለ ቆርቆሮ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ባንናገር ይሻለናል።

ልዩነቱ 70ው ላይ ነው፤ የእሷ 70 አይናገርም። ፋብሪካው ሾርባውን ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ዞር ብሎ አያይም። እንግዳው «እጅሽ ይባረክ» ሲላት ምርቃቱን ሙሉ መቶውን ይዛ ትገባለች፤ ቆርቆሮው ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሆኖ «የእኔስ?» አይልም። ያ ዝግጅት ያን ያህል ዓመት የተወደደው በዚህ ይመስለኛል። ደካማ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይከራከሩት መመስገን ይፈልጋል።

የእኔ 70 ግን ስልክ አላት። እንግዳ ጋብዤ ገና አንድ ጉርሻ ሳይወርድ «በርበሬው የማን ነው?» ይባላል። «የአክስቴ ነው» እላለሁ። «እጇ ይባረክ!» ይላል ገበታው በሙሉ፤ ምርቃቱ ፊቴን አልፎ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። እኔ ድስት ተሸክሜ ቆሜያለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ በቪዲዮ ትደውላለች፤ «ደህና ናችሁ?» የሚለው አጭር ነው፤ ወዲያው «እስቲ ድስቱን አሳየኝ» ይከተላል። ስልኩን ወጡ ላይ እደፋለሁ። ከአንድ ውቅያኖስ ማዶ ሆና ቀለሙን ታያለች፤ ዘይቱን ታያለች፤ ማማሰያውን አንሥቼ እንዳንጠበጥብ ታዘኛለች።

በመጨረሻ ፍርዷ ይመጣል። «በርበሬው ጥሩ ነው፤ ቅቤውም አልከዳህም። ሽንኩርቱ ግን አልበሰለም፣ ቸኩለሃል።» ሽንኩርቱ ብቻ ነበር የእኔ።